አይስክሬም በሐምሌ

ዝናቡ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው። ጅማ በሐምሌ እንዲህ ናት፤ ጭቃ፣ ጉም፣ ሄድ መለስ የሚል መብራት። ሰው ሁሉ ቡናውን አፍልቶ በቆሎ ይጠብሳል። እኔን ያማረኝ አይስክሬም ነው። ያቺ ልጅ ብትሰማ "ቶንሲልህ ሲነሳ አላስታምምህም" ትለኛለች። ትበል።

በውጭ አገር ባሕር ዳርቻ ላይ ያሉ አይስክሬም ቤቶች ብርድ ሲገባ የሚዘጉት እንግዳ ስለሚያጡ ነው። አይስክሬሙንማ ብርዱ ይስማማዋል። ምላስ በጣም የቀዘቀዘ ነገር ጣዕሙ አይገባውም። ከፍሪዘር ወጥቶ ጥቂት ደቂቃ ቢታገሱት፣ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ ማንኪያም ይገባዋል፣ ቫኒላውም ይመጣል። በጠራራ ፀሐይ መታገስ ብሎ ነገር የለም፤ እጅ ላይ እየተንጠባጠበ በጥድፊያ ይላሳል። ጅማ ባሕር የላትም፤ ግን ከ1,700 ሜትር በላይ ስለተቀመጠች የሚያቃጥል ሙቀትም አታውቅም። ክረምት ከበጋ ተረጋግቶ ለመብላት የተመቸች ከተማ ናት።

መብራቱ ነው እንጂ ጉዱ። አይስክሬም ከዜሮ በታች 18 ዲግሪና ከዚያ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲሄድ ውስጡ ያሉት ደቃቅ የበረዶ ቅንጣቶች ይቀልጣሉ። ሲመለስ ያ ውሃ እንደ ቀድሞው በደቃቁ አይረጋም፤ ሳይቀልጡ በቀሩት ላይ እየተለጠፈ ያወፍራቸዋል። ቅንጣቱ የአንድ ሚሊ ሜትር 20ኛ ክፍል አካባቢ ከደረሰ ምላስ ያውቀዋል፤ መንቀጭቀጭ ይጀምራል። ከማዘዝ በፊት ዕቃውን ማየት ነው። ክዳኑ ሥር ጤዛ በረዶ ከሠራ፣ አይስክሬሙ ከጠርዙ ሸሽቶ ከተሰበሰበ፣ ከታች ሽሮፕ ካቀረረ፣ ቀልጦ የረጋ ነው፤ ሻይ ይሻላል። አፍ ውስጥ ቀልጦም አሸዋ አሸዋ የሚለው ግን ሌላ ነው። በረዶ ቢሆን ይሟሟ ነበር። እሱ የወተት ስኳር ነው፤ ዱቄት ወተት ያበዙበት ቤት እንዲህ ያደርጋል።

ባለቤቶቹ ቢሰሙኝ፦ መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩን "ቀለጠ ወይ?" እያሉ መክፈት ነው የሚያቀልጠው። ባዶውን ቦታ በጨው ውሃ ጠርሙስ መሙላት ይቻላል፤ ለአንድ ሊትር 100 ግራም ጨው፣ ጠርሙሱ እንዳይፈነዳ ከላይ ጎደል አድርጎ። ጨዋማው በረዶ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ቀልጦ ስለሚያልቅ፣ ዜሮ ላይ ከሚቀልጠው ተራ በረዶ ይበልጥ ዝቅ ያለ ቅዝቃዜ ይይዛል። የለሰለሰውን መልሶ ማርጋት ደግሞ ይቅር።

ጄኔሬተር ለሌለው ቤት የድሮው ዘዴ አለ። 600 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 250 ሚሊ ሊትር ክሬም፣ 170 ግራም ስኳር፣ የአራት እንቁላል አስኳል። ክሬም ከጠፋ ያደረ ጥሬ ወተት ላይ የሚሰፍረውን ቅባት መግፈፍ ነው። ሁሉንም በለሰስ እሳት ላይ እያማሰሉ እስከ 82 ዲግሪ ማድረስ፤ ከ85 ካለፈ አስኳሉ ፍርፍር ይሆናል። ቴርሞሜትር ከሌለ የእንጨት ማንኪያው ጀርባ ላይ በጣት ሲሰመር መስመሩ ሳይገጥም ከቀረ በቃ። ማታውን ቀዝቅዞ ይደር፤ ትኩሱን ለማርጋት የሚጣደፍ ሰው በረዶውን በከንቱ ይጨርሳል። ከዚያ ሦስት እጅ የተከሰከሰ በረዶና አንድ እጅ ጨው ባልዲ ውስጥ አድርጎ፣ የቀዘቀዘውን የወተት ድብልቅ በብረት ዕቃ በረዶው መሃል አስቀምጦ፣ ጠርዙን እየፋቁ ሳያቋርጡ ማማሰል። ጨውና በረዶ ከዜሮ በታች ወደ 20 ዲግሪ ይወርዳሉ። ማማሰሉ አየር ያስገባል፣ ቅንጣቱንም ያደቅቃል፤ የሰነፈ ሰው የጣፈጠ ድንጋይ ያወጣል። በፍልሰታ ወተቱ ቀርቶ አቮካዶ ቅባቱን ይተካል፤ ሎሚ ጠብ ይደረግበት፣ እሳት ግን እንዳያየው፤ ይመራል።

የቡናው ግን እዚሁ ጅማ ካልተሠራ የት ሊሠራ ነው? 45 ግራም የተቆላ ቡና ሸካራ አድርጎ ወቅጦ በ700 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ወተት ዘፍዝፎ ማሳደር፤ ቡናው 100 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠጣል፣ የተጠለለው 600 ይሆናል፤ ከላይ ባለው ወተት ምትክ እሱ ይገባል። ከአተላው ጋር ከፈላ ምሬቱ ስኳሩን ያሸንፋል። ኮረሪማስ? ስኒ ውስጥ ሲሆን መጠኑን ሁሉም ያውቀዋል፤ ብርድ ግን ሽታን ያፍናል። እንግዲህ ለአንድ ሊትር አንድ ፍሬ ይበቃል? ሁለት ቢሆን ቡናውን ይውጠው ይሆን? ፍሪዘር እንኳ የሌለው ሰውዬ ስለ ኮረሪማ ልክ ይጨነቃል።