ጥቁር አፈር ትራያክሲያል ላይ ሲወጣ

ትራያክሲያል በላስቲክ የተሸፈነ የአፈር ናሙና ሴል በሚባል ዕቃ ውስጥ ዙሪያውን በግፊት ተይዞ፣ ከላይ እስኪሸነፍ የሚጫንበት የጥንካሬ ሙከራ ነው። የዩዩ ሙከራ (ውሃው ሳይወጣ የሚደረገው ዓይነት) ውጤት እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ፍሪክሽን አንግሉን፣ ማለትም ጫና ሲጨምር አፈሩ ምን ያህል እንደሚጠነክር የሚያሳየውን ቁጥር ነው። አፈሩ “በውሃ የጠገበ ሸክላ” ተብሎ አንግሉ 8 ዲግሪ ከሆነ ይከነክነኛል። በትክክል በጠገበ ሸክላ ላይ ውሃ መውጫ ዘግታችሁ የሴሉን ግፊት ብትጨምሩ፣ ጭማሪውን የሚሸከመው ውሃው ነው። አፈሩ አይጠነክርም። በተለያየ የሴል ግፊት የተጫኑት የሦስቱ ናሙናዎች የሞር ክቦች (ሲሸነፉ የነበረባቸውን ጫና የሚያሳዩት) እኩል ይወጣሉ፣ አንግሉም ዜሮ ይሆናል። ክቦቹን የሚነካው መስመር ካዘመመ ወይ ውስጡ አየር አለ፣ ወይ ናሙናዎቹ አይመሳሰሉም።

የቦሌን ጥቁር አፈር ስሠራ ሲዩ የሚባለው ዓይነት ይሻለኛል። ማጥገብ፣ ኮንሶሊዴት ማድረግ (በግፊት ውሃ አስወጥቶ ማጥበቅ)፣ ከዚያ ቫልቩን ዘግቶ የውስጡን ውሃ ግፊት እየለኩ መጫን ነው። ጊዜ የሚበላው ማጥገቡ ነው። ባክ ፕሬሸሩን (ናሙናው ውስጥ ላለው ውሃ የምሰጠውን ግፊት) ከሴሉ ጋር ቀስ እያልኩ አነሳለሁ፤ አየሩ ውሃው ውስጥ ይሟሟል። ከዚያ ቫልቩን ዘግቼ ሴሉን በ50 ኪሎፓስካል ከፍ አደርጋለሁ። የውስጡ ግፊት በ48 ከጨመረ፣ የአፈር መካኒክስ ሊቁ ስኬምፕተን እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው ቢ (የውስጡ ግፊት ጭማሪ ለሴሉ ጭማሪ ሲካፈል) 0.96 ሆነ፤ እሰየው። በ40 ከቆመ መጠበቅ ነው።

ደንበኛው “ኢንጂነር፣ ሪፖርቱ አልደረሰም እንዴ?” ይላል። “አፈርህ ገና ውሃ እየጠጣ ነው” እለዋለሁ። ይስቃል፣ በማግስቱ ግን ይደውላል።

ጥቁር አፈር አንድ ተንኮል አለው። በሴሉና በባክ ፕሬሸሩ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ከሆነ ውሃ ስቦ ያብጣል። ያበጠ ናሙና ደግሞ መሬት ውስጥ የነበረው አፈር አይደለም። ስለዚህ ልዩነቱን ሜዳ ላይ ከነበረበት ጫና በታች አላወርድም።

የመጫኛውን ፍጥነት የሚወስነው ኮንሶሊዴሽኑ የፈጀው ጊዜ ነው። ግፊቱን የምንለካው ከሥር ነው፤ አፈሩ የሚሸነፈው ግን ወገቡ ላይ ነው። ሁለቱ እስኪመጣጠኑ ጊዜ ካልሰጣችሁ የተነበበው ቁጥር ዋጋ የለውም። መብራት ከሄደ መጫኛው ይቆማልና፣ ባትሪ በሌለው ማሽን የሚያድር ሙከራ አልጀምርም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሴሉ 400፣ ባክ ፕሬሸሩ 300 ነበር እንበል። ናሙናው ሲሸነፍ የጫናው ልዩነት 80፣ የውስጡ ውሃ 345 ሆነ። ያልተፋሰሰ ጥንካሬው (ውሃው ሳይወጣ ያለው) የ80 ግማሽ፣ 40 ኪሎፓስካል ነው። ኢፌክቲቭ ጫናዎቹ (የውሃው ግፊት ሲቀነስ የሚቀሩት) 55 እና 135 ናቸው። ኮሂዥኑን (አፈሩ ያለ ጫናም ያለውን ጥንካሬ) ዜሮ ካልን አንግሉ 25 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። ኮሂዥን አለ ለማለት ግን አንድ ክብ አይበቃም።

ላስቲኩን ከመጣሌ በፊት ናሙናውን አያለሁ። እንደ ጋን ሆዱ ከተነፋ ደህና ነው። በሚያብረቀርቅ አሮጌ ስንጥቅ ላይ ከተንሸራተተ ግን የለካሁት የስንጥቁን ጥንካሬ ነው። በ38 ሚሊሜትር ናሙና እንዲህ ያለው ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ ቁጥሩ ከሜዳው በላይ አምሮ ይወጣል። ተዳፋት የሚቆርጥ ሰው ይህን ማወቅ አለበትና ከግራፉ ጎን የተሰበረውን ናሙና ፎቶ አያይዛለሁ፤ ከቻልኩም 100 ሚሊሜትሩን እጠይቃለሁ።