ደሴ የተባለችው ሰርጓጅ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስወርድ ሐረጎ ላይ ጆሮዬ ደፈነ። ሁሌም ይደፍነኛል፤ 600 ሜትር ግድም ቁልቁለት ነው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ምራቅህን ዋጥ አድርግ ልጄ፣ አብሽር» አሉኝ። ዋጥኩ። ልቤ ግን ሌላ ቁልቁለት ላይ ነበር፤ የባሕሩ ላይ።

ደሴ ባሕር ውስጥ ሰምጣ የቀረች ሞክሼ አለቻት። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ሰሞን አንድ ዓይነት 17 ሰርጓጅ መርከቦችን ያሠራ ነበርና፣ ስም ሲያወጣላቸው የኛን ካርታ ዘረጋ፦ አክሱም፣ ጎንደር፣ መቀሌ፣ ሽሬ፣ ተምቤን፣ አላጌ፣ አሸንጌ፣ ነገሌ፣ ደጋሃቡር፣ ዋቢ ሸበሌ። ደሴንም ጨመራት። የሁሉም የወል መጠሪያ ደግሞ «አድዋ» ነው። አያቶቻቸው ድል የተነሱበትን ስም ብረት ላይ ጽፈው ቂማቸውን መወጣታቸው መሆኑ ነው፣ እንደኔ ግምት።

ጠዋት ፒያሳ ቡና ላፈላችልኝ ልጅ ይህን ብነግራት «ደሴ ውሃ ውስጥ? እኛ እዚህ ቧንቧ እየጠበቅን!» ብላ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ወደ ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ወጥቼ፣ የጦሳን ተራራ አሻቅቤ እያየሁ ጥቂት ቆየሁ። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ይህችን ከተማ ሲደበድቡ ጃንሆይ እዚሁ ነበሩ፤ የአየር መቃወሚያ መትረየስ ይዘው ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። ሚያዝያ 7 ጣሊያን ደሴ ገባ። ሰርጓጇ ታራንቶ ላይ ባሕር የነካችው ከዚያ ወራት ቆይታ ነው።

ኮምቦልቻ አጎቴ ዘንድ ምሳ በላሁ። አጎቴ የድሮው ባሕር ኃይል ሰው ናቸው፤ ምጽዋ ላይ «ኢትዮጵያ» በተባለችው ትልቋ መርከብ አገልግለዋል። አሁን ከቤታቸው ቅርብ ያለውን ደረቅ ወደብ እያሳዩ «መርከበኛ ሆኜ እዚህ መልሕቅ ጣልኩ» እያሉ ይቀልዳሉ።

«ሰርጓጅ እንኳ ኖሮን አያውቅም» አሉ ነገሩን ሳነሳባቸው። ቀጥለው ግን ጥያቄ አዥጎደጎዱብኝ። ርዝመቷ? 60 ሜትር። ሰዉስ? 45 ያህል። ላይ ላዩን በናፍጣ ሞተር በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ስትጠልቅ ናፍጣው አየር ስለሚፈልግ ይጠፋና በባትሪ እንደ ኤሊ ታዘግማለች። የተሠራችው እስከ 80 ሜትር እንድትጠልቅ ነው። በየ10 ሜትሩ አናት ላይ ካለን አየር ሁሉ የሚያህል ክብደት ይጨመራል። እኔ ሐረጎን ወርጄ ጆሮዬ ደፈነ ብዬ አማርራለሁ!

«አየሩስ?» አሉ። የመርከበኛ ጥያቄ ነው። የመቀሌን ታሪክ ነገርኳቸው፣ ምጽዋ የነበረችውን። ሰኔ 1932 ጣሊያን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ በገባ በቀናት ውስጥ ከምጽዋ ወጣች። በዚያ ቃጠሎ ማቀዝቀዣው ሳይዘጋ ይሠራ ነበር፤ ከቧንቧው የሾለከው ሜቲል ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ሠራተኞቹን መርዞ አእምሯቸውን አሳታቸው። ሰኔ 8 ሱዳን አቅራቢያ ድንጋይ ላይ ወጥታ ቀረች። ሰዎቹ ጠፍ ደሴት ላይ ወርደው፣ አንዱ እዚያው ሞተ፣ የቀሩትን ሌላ ሰርጓጅ ከሳምንት በኋላ ደረሰላቸው።

አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሰኔን ቀይ ባሕር እኔ አውቀዋለሁ። ብረቱ ያቃጥላል፤ ከላይ ሆኖም አይቻልም፣ እንኳን ተዘግቶብህ።»

አክሱም ግን ቀንቷታል። ነሐሴ 6 ቀን 1934 ወደ ማልታ በሚሄድ የእንግሊዝ ቅፍለት ላይ በአንድ ጊዜ በለቀቀቻቸው አራት ቶርፒዶዎች፣ ማለትም ውሃ ውስጥ በሚምዘገዘጉ ፈንጂዎች፣ ሦስት መርከብ መታች። አላጌ በስህተት የራሷን ወገን የጦር መርከብ አሰጠመች። እንዲያም ሆኖ ከ17ቱ ጦርነቱን የተሻገረችው እሷ ብቻ ናት።

«ደሴሳ?»

ኅዳር 19 ቀን 1935፣ ከአልጄሪያ ጠረፍ ማዶ። የእንግሊዟ ኩዌንቲንና የአውስትራሊያዋ ኩዊበሮን የጥልቅ ውሃ ቦምብ አወረዱባት። አንድ ሰው አልወጣም። ኩዌንቲንም ብዙ አልቆየች፤ በአራተኛው ቀን ከአውሮፕላን በተወረወረ ቶርፒዶ ሰመጠች።

አጎቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ቶናው ተቀድቶ ነበር፤ አልነኩትም።

«ከነዚያ ልጆች አንዳቸውስ ደሴን አይተዋት ይሆን?»

ምን እመልሳለሁ? እኔ በበኩሌ ሊወጋን በመጣ ስም ማዘን አልፈለግሁም ነበር። እሳቸው ግን «ነፍስ ይማር» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ በቆሎ ዋጋ ነበር ያወራነው።

ሲመሻሽ መናኸሪያ ሄድኩ። ረዳቱ «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው!» ይላል። ያ አንድ ሰው እኔ ሆንኩና ሞላ። ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ መስኮቱ ነጭ ሆነ፤ ሹፌሩ መብራት አብርቶ በእርጋታ ወጣ። ጆሮዬ ደሴ ልንገባ ስንል ተከፈተ። ወዲያው አጎቴ ደወሉ።

«ወጣህ?»

«ወጣሁ» አልኳቸው።