ያኔ ማንን አዝለሽ ነበር?

የእማዬን ታሪክ መጻፍ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባለፈው ቅዳሜ፣ ስምንት ወር ሙሉ አላላውስ ያለኝ ቋጠሮ ተፈታ። ደስታው ሳይበርድልኝ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ከእናንተም የእናቱን ወይም የአያቱን ታሪክ እየቀዳ ያለ አይጠፋም።

አሁን ያለሁበት ይህ ነው፦ 41 የድምፅ ቅጂ አለኝ። 23ቱን በእጄ ገልብጫለሁ። ቀሪዎቹ 18ቱ እየጠበቁኝ ነው። እማዬ ያረፈችው በታኅሣሥ 2017 ነው። "ጣልያን ሲገባ ዳዴ እል ነበር" ትል ስለነበር፣ ከ1928 ተነስተን ስንቆጥር 90 ዓመት ገደማ ኖራለች።

ኑሮዋ አንድ ቦታ የረጋ አልነበረም። ባቲ ላይ፣ ወደ አሰብ የሚወርዱ ሾፌሮች የሚያርፉበት ሻይ ቤት ነበራት። ሰኞ በገበያው ቀን እግር መጣያ አይገኝም ነበር አሉ። አንድ ቀን ሻይ ቤቱን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ "ባሕር የሚሉትን ነገር ልየው" ብላ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ወጣች። አሰብ ደርሳ በጠርሙስ የባሕር ውሃ ቀድታ ተመለሰች። እናቷ ቀምሳ ጨው መሆኑን እንድታምን ነው። ከድሬዳዋ ጅቡቲ በባቡር ነግዳለች። አሥመራ ሁለት ዓመት ኖራለች። በ68 ዓመቷ ለገና ላሊበላ በእግሯ ገብታለች። እነዚህን ሌላ ቀን በሰፊው እጽፋለሁ።

ሦስት ባል አግብታለች። ሰባት ልጅ አሳድጋለች። የወለደችው ግን አራት ነው። ከመጀመሪያው ባሏ አንድ ወንድና አንድ ሴት። ከሁለተኛው አንዲት ሴት። ከአባቴ ደግሞ እኔን። ጋሼ የሁለተኛው ባሏ ልጅ ናቸው። አንዷ እህቴ የአባቴ ልጅ ናት። ትንሿን ደግሞ እማዬ በ1977ቱ ድርቅ ከመጠለያ አምጥታ አሳደገቻት። "የእንጀራ ልጅ" የሚል ቃል ቤታችን ውስጥ ተነግሮ አያውቅም። አንድ ጎረቤት ተናግራ፣ እማዬ የያዘችውን ሲኒ አስቀምጣ ከቤት ሸኝታታለች።

ስለ ዘዴ ጥቂት ልበል። ስልኩን ፊቷ አታቁሙት። እኔ የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች ያበላሸሁት እንዲህ ነው። ስልክ ስታይ እማዬ እንደ ዜና አንባቢ ትናገር ነበር። እየቀዳሁ እንደሆነ ነግሬያት፣ ፈቅዳ፣ ከዚያ ስልኩን ነጠላዬ ሥር ሳደርገው ነው ወሬዋ የመጣው። ሁለተኛ፣ የቤተሰብ ሐረግ የሚሠሩ አፖችን አልወድም። ባልና ሚስት፣ ከሥር ልጆች፣ አለቀ። የእኛን ቤት እዚያ ውስጥ ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ጋሼ ከእማዬ ርቀው ጥግ ላይ ቀሩ። ሰባት ቤት መቁጠሩም አልረዳኝም። እሱ ደም ነው የሚቆጥረው። አሁን የምጠቀመው ካርቶን ቆርጬ በሠራኋቸው ካርዶች ነው። ለአንድ ሰው አንድ ካርድ። ጠረጴዛ ላይ ወደ እማዬ ቤት በገቡበት ተራ እደረድራቸዋለሁ። በመወለድ ሳይሆን በመግባት።

ችግሩ የጀመረውም ከዚህ ተራ ነው።

ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን "እኔ የአባቴ ጓዝ ነኝ" ይላሉ። አባታቸው የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበሩ። እማዬን ሲያገቡ እናቱ የሞተችበትን ልጅ ይዘው ገቡ፤ እኛም የምናውቀው ይህን ነው። የሰማንያው ውል እማዬ ሳጥን ውስጥ ተገኝቷል፤ ጥር 1954 ይላል። ስለዚህ የጋሼን ካርድ ከአባታቸው ካርድ ሥር አስቀመጥኩ፤ ወደ እማዬ የሚሄደውን መስመር ደግሞ በነጠብጣብ ሠራሁት።

ከዚያ 17ኛውን ቅጂ ገለበጥኩ። እማዬ ስለ ጋሼ ስትናገር "መጀመሪያ የመጣልኝ አበበ ያሸነፈ ሰሞን ነው" ትላለች። የትኛው አበበ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ግን የትኛው ድል? አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው። ቶኪዮ ላይ የደገመው ጥቅምት 11 ቀን 1957። አንዱ ከሰማንያው በፊት፣ አንዱ ከሰማንያው በኋላ። ከኋላ ከሆነ ጋሼ አባታቸው ካገቡ በኋላ የመጡ ልጅ ናቸው። ከፊት ከሆነ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል።

እዚህ ላይ በጣም የምተማመንበትን ጥያቄ ልንገራችሁ። እናቶቻችንን "ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። ያ የቀበሌ ጥያቄ ነው። ሰው ይጨነቅና ወይ ዝም ይላል፣ ወይ የመጣለትን ይላል። "ያኔ ማንን አዝለሽ ነበር?" በሉ። እማዬ ዓመት አታውቅም፤ ጀርባዋ ላይ የነበረውን ልጅ ግን አትረሳም። ይህ ጥያቄ ከአሥር በላይ ነገር አስተካክሎልኛል።

የክርስትና ቀንም ጥሩ ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ስለምትነሳ፣ የክርስትናውን በዓል ካወቃችሁ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ልደቱን ታገኛላችሁ። ዘመኑም አለ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። 1 ከቀረ ማቴዎስ፣ 2 ከቀረ ማርቆስ፣ 3 ከቀረ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። የድሮ እናቶች "ሉቃስ ላይ ነው የወለድኩት" ሲሉ ቁጥር እየሰጧችሁ ነው።

እና ያን ጊዜም ጠይቄያት ነበር። "ማንን አዝለሽ ነበር?" መልሷ ቅጂው ላይ አለ፦ "ልጅቱን። ዮሐንስ ላይ የወለድኳትን።"

በደስታ ካልኩሌተር አወጣሁ። ከመጀመሪያው ባሏ የወለደቻት እህቴ የተወለደችው በ1952 መጀመሪያ ነው። 5500 ሲደመርበት 7452፤ ለ4 ሲካፈል ምንም አይቀርም። ዮሐንስ። የሮም ጊዜ የአንድ ዓመት ልጅ ናት፣ ትታዘላለች። የሁለተኛው ባሏ ልጅ ደግሞ በ1956 መጀመሪያ ነው የተወለደችው። እሱም ዮሐንስ። የቶኪዮ ጊዜ እሷም የአንድ ዓመት ልጅ ናት፣ እሷም ትታዘላለች። ኦሎምፒክ በየአራት ዓመቱ ነው። ወንጌላውያኑም በየአራት ዓመቱ ይመለሳሉ። ሁለቱ ምልክቶቼ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚዞሩት። አንዱ ሌላውን ሊያርመው አይችልም።

ይህን ሳስተውል እማዬ ካረፈች ሁለት ወር ሆኗት ነበር። "የትኛዋን ልጅ?" ብሎ መጠየቅ አንድ አፍታ ነበር። አልጠየቅኳትም። ስምንት ወር የከበደኝ ቋጠሮው ብቻ አይደለም፤ ይህም ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ያንን ቅጂ እንደገና ከፈትኩ። ከዚያ በፊት የገለበጥኩት በስልኩ ድምፅ ማጉያ እየሰማሁ ነው፤ አሁን የጆሮ ማዳመጫ አደረግሁ፤ ፍጥነቱንም ቀነስኩ። 12ኛው ደቂቃ ላይ የእኔ ድምፅ አለ። እማዬ እየተናገረች እያለ አቋርጫት "ቆይ እማዬ፣ ዓመቱ ስንት ነው?" እላለሁ። አዎ፣ አትጠይቁ ያልኳችሁን ጥያቄ ራሴ እየጠየቅሁ። ስገለብጥ የጻፍኩት የራሴን ጥያቄና የእሷን "እንጃ" ነበር። ከእኔ ድምፅ ሥር ግን እሷ አላቋረጠችም። ቀስ ብላ እየቀጠለች ነው። አምስት ጊዜ መልሼ ሰማሁት፦

"ባዶ እግሩን ነው የመጣ። ሾፌሮቹ 'አበበም ባዶ እግሩን ነው' እያሉ አበበ ብለው ይጠሩት ጀመር። እንቁጣጣሽ ነው እኮ። አደይ አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። አባቱ ለሳምንት ብሎ ነበር የተወው። ኋላ ሲመጣ ልጁን አልሰጥም አልኩት።"

ባዶ እግር ሮም ነው፤ ቶኪዮ ላይ አበበ በጫማ ነው የሮጠው። የሮሙ ሩጫ ያለቀው ጳጉሜን 5 ማታ ነው። ወሬው ባቲ የደረሰው እንግዲህ በአዲሱ ዓመት መባቻ ነው። የቶኪዮው ጥቅምት ላይ ነው፤ እንቁጣጣሽ ካለፈ ወር አልፎታል። ልጅቱም የ1952ቷ ናት። ጋሼ እማዬ ቤት የገቡት መስከረም 1953 ነው። ሰማንያው የተፈረመው ከዓመት ከአራት ወር በኋላ።

እማዬ ልጁን የያዘችው አባቱን ስላገባች አይደለም። በመጀመሪያ የገባው ልጁ ነው።

ከእኔ የምትወስዱት ካለ፣ አዛውንት ሲናገሩ ዝም በሉ። የገለበጣችሁትንም እንደ ጨረሳችሁት አትቁጠሩ፤ በተለይ የራሳችሁ ድምፅ ያለበትን ቦታ በማዳመጫ መልሳችሁ ስሙ። እኔ ስንት ቦታ እንዳቋረጥኳት ቆጥሬ አልጨረስኩም። ስለ መጀመሪያው ባሏ ደግሞ አፍሬ ጭራሽ ሳልጠይቃት ቀረሁ። የእሳቸው ካርድ ላይ ከስማቸው በቀር የተጻፈ ነገር የለም። በእሱ ምክር የለኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ምንም ሳልናገር ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

"ሳምንት ብሎ ነበር የተወኝ?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"አልሰጥም አለችው?"

"አዎ።"

"እስቲ ድገሚልኝ።"

አራት ጊዜ ደገምኩላቸው። ማታ ቤቴ ስገባ ነጠብጣቡን መስመር አጥፍቼ በወፍራም እስክሪብቶ ሠራሁት። የጋሼን ካርድ አነሳሁና ከአባታቸው ካርድ በላይ አስቀመጥኩት።