የቪክቶሪያን ዘመን ሃይማኖት ሳጠና ለምን ከዳርዊን አልጀመርኩም

ለታሪክ ኮርስ የመረጥኩት ርዕስ ሃይማኖት በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን (1837–1901) እንግሊዝ ላይ የነበረው ተጽዕኖ ነው። እዚያ የመራኝ ሄንሪ ስተርን ነው፤ ቤተ እስራኤልን ሊሰብክ መጥቶ በ1863 አጼ ቴዎድሮስ ያሰሩት ሚሲዮናዊ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ለንደን ተቀምጦ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ብር የሚያዋጣው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ማወቅ ፈለግኩ።

ብዙ ሰው ከዳርዊን ነው የሚጀምረው። የዝግመተ ለውጥ መጽሐፉ በ1859 ወጣ፣ እምነት ተናጋ፣ አለቀ። እኔ ግን ከቆጠራ ጀመርኩ። እሑድ ማርች 30 ቀን 1851 በእንግሊዝና በዌልስ ያሉ የአምልኮ ቦታዎች ስንት ሰው እንደመጣላቸው ተጠየቁ። ሕዝቡ ወደ 18 ሚሊዮን ነበር። ሪፖርቱን ያዘጋጀው ሆራስ ማን (Horace Mann) ሕፃናትን፣ ሕመምተኞችንና ሥራ ላይ ያሉትን ቀንሶ እንኳ፣ መምጣት እየቻለ የቀረው ከ5 ሚሊዮን በላይ ነው አለ። ከተገኘውም ግማሽ ያህሉ የሄደው ሜቶዲስትና ባፕቲስትን ወደመሳሰሉት ሌሎች ቤተ እምነቶች እንጂ ወደ መንግሥታዊው (አንግሊካን) ቤተ ክርስቲያን አልነበረም። ዳርዊን ሊያሳትም ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል!

ቁጥሩን ግን እንደወረደ አትውሰዱት። ጠዋትም ማታም የሄደ ሰው ሁለቴ ተቆጥሯል። ሆራስ ማን ይህን ስላወቀ የጠዋቱን ሙሉ፣ የከሰዓቱን ግማሽ፣ የማታውን ሲሶ ወስዶ ነው የገመተው። ስለዚህ ቁጥር ስታገኙ መጀመሪያ ቅጹ ምን ብሎ እንደጠየቀ እዩ። ይኼኛው ቅጽ ነጻ መቀመጫና ሌላ መቀመጫ ብሎ ይለያል። ለካ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንበር ይከራይ ነበር! ገንዘብ ያለው የራሱን ይይዛል፣ ድሃው ነጻ ወደተባለው ይሄዳል። ሠራተኛው ለምን እንደሚቀር ሲያብራራ ሆራስ ማን ራሱ ይህን የመደብ ልዩነት አንስቶታል።

ከዚያ ወደ ሕጎቹ ዞርኩ። ስብከት የሚነግራችሁ ሰባኪው የሚመኘውን ነው፤ ሕግ ግን ማን ደጅ እንደቀረ ያሳያል። አይሁዳዊው ሊዮኔል ደ ሮትሽልድ በ1847 ተመርጦ ፓርላማ የተቀመጠው በ1858 ነው፤ የመሐላው ቃል ክርስቲያናዊ ስለነበረ። አምላክ የለሹ ቻርልስ ብራድሎ ደግሞ ተመርጦ ሳለ በዚሁ በመሐላ ጉዳይ ከ1880 እስከ 1886 ተንከራተተ። እስከ 1868 ድረስ ሜቶዲስቱም ለማይሄድበት ደብር ጥገና ግብር እንዲከፍል ይገደድ ነበር።

በጣም ያስቸገረኝ የፓርላማ ሰው የነበረው ሎርድ ሻፍትስበሪ ነው። ወንጌላዊ እምነቱ ገፋፍቶት በ1842 ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆች ከማዕድን ጉድጓድ እንዲወጡ አድርጓል። ስተርንን የላከው ማኅበር ፕሬዚዳንትም እሱ ነበር። ይኸው ሰው በ1850 የእሑድ ፖስታ እንዲቆም ፓርላማውን አሳመነ፤ እገዳው ግን ሳምንታት እንጂ አልዘለቀም። ብሪቲሽ ሙዚየምም እሑድ መከፈት የጀመረው በ1896 ነው፤ ሠራተኛው ሙሉ ቀን የሚያርፈው እሑድ ብቻ ሆኖ ሳለ! መምህሬ ደጉንና ከልካዩን ሻፍትስበሪ በተለያየ ምዕራፍ አስቀምጥ አሉኝ። አንድ ምዕራፍ ላይ ተውኳቸው፤ ሁለቱንም ያሠራው ያው እምነት ነዋ።