ገቢዎ ከአገሩ ሰው ስንተኛ ነው?

«አማካይ ደመወዝ ይህን ያህል ደረሰ» ሲባል አብዛኛው ሠራተኛ «ታዲያ የእኔ ምነው?» ይላል። ነገሩ ከአማካይ ጠባይ የመጣ ነው። አምስት ሰዎች በወር 8፣ 9፣ 10፣ 12 እና 61 ሺህ ቢያገኙ ድምሩ 100 ሺህ፣ አማካዩ 20 ሺህ ይሆናል። ከአምስቱ አራቱ ከአማካይ በታች ናቸው ማለት ነው! መሃል ላይ ያለው ሰው ግን የሚያገኘው 10 ሺህ ነው። ሚዲያን የሚባለው ይህ ነው፤ ራስን ለመመዘን የሚበጀውም እሱ ነው።

ከዚያ ፐርሰንታይል ይመጣል። 57ኛ ላይ ነዎት ሲባል ከመቶው ሰው 57ቱ ያህል ከእርስዎ ያነሰ ያገኛል። የገቢ ሠንጠረዦች ብዙ ጊዜ ፐርሰንታይሉን የሚሰጡት በየ10ሩ ስለሆነ መሃሉን ራስዎ ያስሉታል። 50ኛው 10,000፣ 60ኛው 12,000 ከሆነና እርስዎ 11,500 ካገኙ፣ ከ2,000ው ልዩነት 1,500ውን ተሻግረዋል፤ ስለዚህ 57.5 አካባቢ ነዎት። ይህ ስሌት መሃል ላይ ደህና ይሠራል። ከ90ኛው በላይ ግን አይታመንም፤ እዚያ ገቢው በእርምጃ ሳይሆን በዝላይ ነው የሚያድገው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሰው የሚሳሳተው ሠንጠረዡን ሲመርጥ ነው። የተቆጠረው ማን ነው? የሙሉ ጊዜ ተቀጣሪ ብቻ ከሆነ የትርፍ ጊዜ ሠራተኛው ስለሌለ ደረጃዎ ዝቅ ብሎ ይታያል። ከግብር መዝገብ የተሠራ ከሆነም እንዲሁ፦ ገቢው ከግብር ወለል በታች የሆነ ሰው መዝገቡ ላይ ላይኖር ይችላል። የቤት ለቤት ጥናት በተቃራኒው ያዳላል፤ ሀብታሞቹ ወይ በራቸውን አይከፍቱም ወይ አሳንሰው ይናገራሉ።

ያልተጣራውን፣ ማለትም ግብር ሳይቀነስ ያለውን ገቢ፣ ካልተጣራው፣ እጅ የሚገባውን ከተጣራው ጋር ብቻ ያወዳድሩ። ቦነስና ትርፍ ሰዓት ካለዎት የወሩን ትተው የዓመቱን ይያዙ። ሠንጠረዡ የቆየ ከሆነ ገቢዎን ወደዚያ ዓመት ይመልሱት፦ የዋጋ ኢንዴክሱ (የአጠቃላይ ዋጋን ለውጥ የሚለካው ቁጥር) ያኔ 150፣ ዛሬ 180 ቢሆን፣ የዛሬው 12,000 ሲካፈል ለ180 ሲባዛ በ150፣ 10,000 ይሆናል። ይህ ግምት ነው፤ ደመወዝ ሁልጊዜ ከዋጋ እኩል አይራመድም።

የግል ደመወዝን ከቤተሰብ ገቢ ሠንጠረዥ ጋር ማወዳደር ደግሞ ዋናው ስህተት ነው። ሠንጠረዡ የቤተሰብ ከሆነ የሁሉንም ገቢ ደምረው ለቤተሰቡ አባላት ቁጥር ስኩዌር ሩት ያካፍሉ፤ ሠንጠረዡም በዚሁ መንገድ የተሰላ መሆኑን ግን ያረጋግጡ። አራት ሰው በ40 ሺህ ሲኖር፣ የ4 ስኩዌር ሩት 2 ስለሆነ፣ ኑሮው ለብቻው 20 ሺህ እንደሚያገኝ ሰው ይቆጠራል። አምስተኛ ሰው ሲጨመር ያው 40 ሺህ ወደ 17,900 ገደማ ይወርዳል፤ ደመወዙ ግን አልተነካም።