ሬቲና በማይክሮን ይለካል፣ ዩቪያይተስ ግን እስካሁን በቆጠራ ነው

ስለ አይን ህክምና አዳዲስ ነገሮች ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያነሳው መርፌውን፣ ጂን ቴራፒውን፣ አሁን ደግሞ ኤአዩን (ሰው ሰራሽ አስተውሎቱን) ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ባለፉት ሰላሳ ምናምን አመታት ይሄን ህክምና የገለበጠው መድሀኒት ሳይሆን ማሽን ነው፣ ያ አገጫችሁን አስደግፋችሁ ግንባራችሁን አስጠግታችሁ ውስጡ ያለችውን ምልክት እያያችሁ "አይን እንዳታርገበግቡ" የምትባሉበት ማሽን። ኦሲቲ ነው ስሙ።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ። እኔ ዩቪያይተስ ያለብኝ ሰው ነኝ፣ ማለትም አይኔ ውስጥ ብግነት ይነሳል ይጠፋል፣ ሲብስበት ደግሞ ማኩላዬ ላይ (ማኩላ ማለት ፊደል የምናነብበት፣ ፊት የምንለይበት የሬቲናው፣ ማለትም አይን ጀርባ ያለው ብርሀን ተቀባይ ሽፋን፣ መሀል ነው) ውሀ ይቋጥራል። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን አውቀዋለሁ፣ የሬቲና ሀኪሞቹንም የዩቪያይተስ ሀኪሞቹንም፣ እና በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ይገርመኛል። አንዱ ጋ ሁሉም ነገር ቁጥር አለው፣ ሌላው ጋ ቁጥሩ ከሀኪሙ አይን ነው የሚመጣው። (ከዚህ በታች የምጠራቸው አመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ኦሲቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአለም የታየው በ1991 ሳይንስ በሚባለው መጽሄት ላይ ነው፣ ዴቪድ ሁዋንግ፣ ኤሪክ ስዋንሰንና ጄምስ ፉጂሞቶ ካሉበት ቡድን። ሶስቱ በ2023 የላስከር ሽልማት ተሸልመውበታል፣ ይገባቸዋልም። አሰራሩ ከአልትራሳውንድ ጋር ይመሳሰላል፣ ግን በድምጽ ፋንታ ብርሀን ነው የሚልከው፣ አይን ብዙም የማያየውን ለቀይ የቀረበ ብርሀን፣ እና ከእያንዳንዱ የሬቲና ንብርብር ተመልሶ የሚመጣውን ያነባል። ብርሀን በጣም ፈጣን ስለሆነ መመለሻውን በሰአት መያዝ አይቻልም፣ ስለዚህ ተመላሹን ብርሀን ከሌላ ማነጻጸሪያ ብርሀን ጋር አጋጭተው ነው ጥልቀቱን የሚያወጡት። የሚወጣው ምስል ሬቲናችሁ በጎን ተቆርጦ እንዳለ ነው የሚመስለው፣ ያለ ቢላ፣ ያለ ህመም፣ በሰከንዶች ውስጥ። ጤነኛ ማኩላ መሀሉ ላይ 250 ማይክሮን አካባቢ ነው ውፍረቱ (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)፣ እንደማሽኑ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። የኔ በክፉ ጊዜው ከ400 አልፎ ነበር፣ ምስሉ ላይ ጥቁር ጥቁር የውሀ ከረጢቶች ተደርድረው ታዩኝ፣ ያኔ ነው "ቀጥ ያለው መስመር ለምን ይጎብጥብኛል" የሚለው ጥያቄዬ የተመለሰው።

ከዚያ በፊት ምን ነበር? ቀለም። በ1961 ኖቮትኒና አልቪስ የሚባሉ ሁለት የህክምና ተማሪዎች ፍሎረሲን የሚባል ቀለም በክንድ ደም ስር ሰጥተው የሬቲናን የደም ስሮች ፎቶ ማንሳት እንደሚቻል አሳዩ፣ ዛሬም ይሰራበታል፣ ቀለሙን ከወሰዳችሁ በኋላ ቆዳችሁ ለጥቂት ሰአት፣ ሽንታችሁም አንድ ቀን ገደማ ቢጫ ይሆናል፣ አትደንግጡ። አሁን ያለ ቀለም የደም ስር የሚያሳይ የኦሲቲ አይነት አለ፣ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ያነሳና የተንቀሳቀሰውን ብቻ ያወጣል፣ የሚንቀሳቀሰው ደም ነዋ። በጣም ብልጥ ነገር ነው፣ ግን አንድ ጉድለት አለው፣ ደም ስሩ ሲያፈስ አያሳይም። እንደኔ ላለ የብግነት በሽተኛ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ማፍሰሱ ነው፣ በተለይ ሬቲናው ዳር ላይ፣ ስለዚህ ቀለሙ ገና ጡረታ አልወጣም። የተሻሻለው ካሜራው ነው፣ ድሮ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ የሚያነሳው አሁን እስከ 200 ዲግሪ ድረስ በአንድ ጊዜ ያነሳል፣ እና መሀሉ ሰላም መስሎ ዳሩ እየተቃጠለ ያለ አይን ቶሎ ይያዛል።

ወደ መርፌው ልምጣ። ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን አለ፣ ናፖሊዮኔ ፌራራ የሚባል ሳይንቲስት በ1989 ከነጂኑ ያወጣው፣ አዲስ ደም ስር እንዲበቅል ትእዛዝ የሚሰጥና ደም ስርን የሚያላላ ፕሮቲን። በእርጅና በሚመጣው እርጥቡ የማኩላ በሽታም፣ በስኳር ምክንያት በሚመጣው የማኩላ እብጠትም እጁ አለበት። በ2006 ይሄን ፕሮቲን የሚያግደው መርፌ ራኒቢዙማብ፣ በንግድ ስሙ ሉሴንቲስ፣ ሲፈቀድ ታሪክ ተቀየረ። ማሪና በተባለው ጥናት ላይ መድሀኒቱን በየወሩ ከወሰዱት ሰዎች በአመቱ 95 በመቶ አካባቢዎቹ እይታቸው ብዙ ሳይወርድ ቆየ፣ ሙሉውን መጠን ከወሰዱት ሲሶ ያህሉ እንዲያውም የእይታ መለኪያው ሰንጠረዥ ላይ 15 ፊደልና ከዚያ በላይ ጨመሩ። እስከዚያ ድረስ ያ በሽታ ያለበት ሰው በደህና ቀን የሚነገረው "እንዳይብስ እንሞክራለን" ነበር። ከዚያ አንድ አመት ቀደም ብሎ ደግሞ ፊሊፕ ሮዘንፌልድ የሚባል ሀኪም የአንጀት ካንሰር መድሀኒት የሆነውን አቫስቲን በጥቂቱ አይን ውስጥ ሰጥቶ መስራቱን አሳየ፣ በ2011 የወጣው ካት የተባለ ጥናትም ሁለቱን አወዳድሮ በእይታ ረገድ እኩል ናቸው አለ፣ በዋጋ ግን ሰማይና ምድር። እስካሁን በአለም ላይ ስንቱ አይን የዳነው በዚህ ርካሽ አማራጭ ነው፣ ስለሱ በቂ አይወራም ባይ ነኝ።

መርፌ አይን ውስጥ ሲባል ሰው ይንቀጠቀጣል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሚያቃጥለው መርፌው ሳይሆን አዮዲኑ ነው። መጀመሪያ የማደንዘዣ ጠብታ፣ ከዚያ አዮዲን፣ ከዚያ ሽፋሽፍት መክፈቻ ሽቦ፣ ከዚያ "ወደ ላይ እዩ" ትባላላችሁ፣ ከጥቁሩ ጠርዝ 4 ሚሊሜትር ገደማ ራቅ ብሎ ነጩ ላይ ይገባል፣ የሚገባው 0.05 ሚሊሊትር ነው፣ ከአንድ ጠብታ የማይበልጥ፣ እና ጫን የሚል ነገር ይሰማችኋል፣ አለቀ። ከዚያ ታች በኩል ጥቁር ድቡልቡል ኳስ ሊታያችሁ ይችላል፣ የአየር አረፋ ነው፣ አረፋው ወደ ላይ ተንሳፍፎ ነው ያለው ግን ሬቲና ምስልን ስለሚገለብጥ ታች ይመስላል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። አዮዲኑን ግን አይናችሁ ቢለበለብም አትዝለሉት፣ ኢንፌክሽን የሚከላከለው እሱ ነው።

ችግሩ መደጋገሙ ነው። መጀመሪያ ላይ በየወሩ ነበር፣ ኋላ ላይ ሀኪሞች ኦሲቲውን እያዩ "ደረቅ ነው፣ በሁለት ሳምንት እናርዝመው፣ አሁንም ደረቅ ነው፣ ሌላ ሁለት እንጨምር" ማለት ጀመሩ። አያችሁ፣ ቁጥሩ ባይኖር ይሄ አይታሰብም ነበር። አሁን ደግሞ ራሳቸው መድሀኒቶቹ ረዘሙ፣ በ2022 የተፈቀደው ፋሪሲማብ ከቪኢጂኤፍ ሌላ ሁለተኛ ኢላማም ይዞ አንዳንዱን ሰው እስከ አራት ወር ያቆያል፣ በ2023 የመጣው ከፍተኛ መጠን ያለው አፍሊበርሴፕትም እንደዚያው። ሁሉም ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ብሮሉሲዙማብ የሚባለው ሌላ መርፌ በ2019 ተፈቅዶ ገና ወራት ሳይቆጥር አንዳንድ ሰዎች ላይ የሬቲና ደም ስር ብግነትና መዘጋት አመጣ፣ ሬቲናን ሊያድን የመጣ መድሀኒት ዩቪያይተስ ይዞ መጣ ማለት ነው፣ እንደኔ አይነቱ በሽተኛ ይሄን ሲሰማ ጸጉሩ ይቆማል።

ደረቁ የማኩላ በሽታ (አዲስ ደም ስር ሳይበቅል ማኩላው ቀስ በቀስ የሚሞትበት) ላይ ስንመጣ ደስታዬ ይቀንሳል። በ2023 ፔግሴታኮፕላንና አቫሲንካፕታድ የሚባሉ ሁለት መርፌዎች ተፈቀዱ፣ የሞተው ቦታ የሚሰፋበትን ፍጥነት ይቀንሳሉ፣ እይታ ግን አይመልሱም፣ እና ያየሁት ማስታወቂያ ከጥቅሙ ጋር አይመጣጠንም። ፕሪማ የሚባለው ቺፕ ግን ሌላ ታሪክ ነው። 2 ሚሊሜትር በ2 ሚሊሜትር የሆነች ቺፕ ከሬቲና ስር ትቀመጣለች፣ ካሜራ ያለው መነጽር ምስሉን በኢንፍራሬድ ይልክላታል፣ በ2025 መጨረሻ ላይ በታተመው ጥናት አመቱን ከጨረሱት 32 ሰዎች 26ቱ ፊደል ማንበባቸው በደንብ ተሻሽሏል። የሚያዩት ቀለም የለውም፣ ብዙ ልምምድም ይፈልጋል፣ ግን የሞተ ማኩላ ላይ ፊደል ማንበብ!

ጂን ቴራፒውን በአጭሩ ልለፈው፣ ሉክስተርና በ2017 ተፈቀደ፣ አርፒኢ65 የሚባል ጂን ለተበላሸባቸው ብቻ ነው፣ የሌላ ጂን ችግር ላለበት ሰው አይሰራም። ኤአዩም ቢሆን ቀልድ አይደለም፣ በ2018 የስኳር በሽታ የሬቲና ጉዳትን ያለ ሀኪም ራሱ የሚወስን ሶፍትዌር አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፣ ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ የአይን ሀኪም ጋ እስኪደርስ ከመጠበቅ ፎቶ ተነስቶ ማጣራቱ በጣም ነው የሚሻለው።

አሁን ወደኔው ቤት። ዩቪያይተስ ክሊኒክ ስትገቡ ሀኪሙ ስሊት ላምፕ (የአይን ማይክሮስኮፕ) ላይ ያስቀምጣችኋል፣ ክፍሉን ያጨልማል፣ ቀጭን ብርሀን በጎን በኩል አይናችሁ ፊት ለፊት ወዳለው ውሀ ይልካል። ጤነኛ ከሆነ ብርሀኑ ባዶ ነው። ብግነት ካለ በመስኮት በገባ የጸሀይ ጨረር ውስጥ አቧራ እንደሚንሳፈፈው ነጭ የደም ሴሎች ሲንሳፈፉ ይታያሉ። እና ሀኪሙ ይቆጥራቸዋል። በቃ፣ በአይኑ ይቆጥራቸዋል። 1 ሚሊሜትር በ1 ሚሊሜትር በሆነች ብርሀን ውስጥ ከ6 እስከ 15 ከሆነ አንድ ፕላስ፣ ከ16 እስከ 25 ሁለት ፕላስ፣ ከ26 እስከ 50 ሶስት፣ ከ50 በላይ አራት። ይሄ ሚዛን በ2005 በአለም አቀፍ ስምምነት የወጣ ነው፣ ከዚያ በፊት ሁሉም በየራሱ ሚዛን ስለነበር ትልቅ እርምጃ ነው፣ ግን 15 እና 16ን በሚንቀሳቀስ ውሀ ውስጥ ማን ነው የሚለየው? አንዱ ሀኪም አንድ ያለውን ሌላው ሁለት ሊል ይችላል፣ መድሀኒቴ የሚጨመረው የሚቀነሰው ደግሞ በዚያ ነው።

በመድሀኒት በኩል ግን ወደፊት ተሂዷል። የድሮው መልስ ስቴሮይድ ነበር፣ ብግነቱን ያጠፋል ግን ሲቆይ የአይን ሞራና የአይን ግፊት ያመጣል፣ በአፍ ሲሆን ደግሞ አጥንቱም ስኳሩም አለ። በ2016 አዳሊሙማብ የሚባል የሰውነትን መከላከያ የሚያበርድ መርፌ ከኢንፌክሽን ላልመጣ፣ በአይን መሀልና ኋላ ክፍል ላለ ዩቪያይተስ ተፈቀደ፣ በ2017 ሲካሞር የተባለ ጥናት ደግሞ የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው ህጻናት ላይ ሜቶትሬክሴት ከሚባል ሌላ መከላከያ የሚያበርድ መድሀኒት ጋር ሲሰጥ ጥቅሙ በጣም ግልጽ ስለነበር ሰው መመዝገቡን ቀድመው አቆሙት። እነዚህ ልጆች አይናቸው አይቀላም አያማቸውም፣ ዝም ብሎ ነው የሚበላቸው፣ ስለዚህ ምንም ሳይሰማቸው በየጊዜው መታየት አለባቸው። ሜቶትሬክሴት ራሱ አሮጌና ርካሽ መድሀኒት ነው፣ በ2019 የወጣው ፋስት የተባለ ጥናት ማይኮፌኖሌት ከሚባለው ሌላ ተመሳሳይ መድሀኒት እንደማያንስ አሳይቷል፣ እኔም የምወስደው እሱን ነው።

ከሁሉም በፊት የሚመጣው ጥያቄ ግን ብግነቱን ያመጣው ኢንፌክሽን ነው ወይስ የራስ ሰውነት መከላከያ ነው የሚለው ነው፣ ምክንያቱም ቲቢ ወይም ኸርፐስ ወይም ቂጥኝ ላለበት አይን መከላከያ የሚያዳክም መድሀኒት ብቻውን መስጠት እሳት ላይ ቤንዚን ነው። አሁን ከአይን ውሀ ትንሽ በመርፌ ቀድቶ በፒሲአር (የጀርሙን ዘረመል አብዝቶ በሚያሳይ ምርመራ) ጀርሙን መፈለግ ይቻላል። የኢያን ክሮዚየር ታሪክ ይሄን ያሳያል፣ ሴራሊዮን ውስጥ ሲያክም ኢቦላ የያዘው ሀኪም ነው፣ ድኖ፣ ደሙ ከቫይረሱ ነጽቶ ከወጣ በኋላ ከባድ ዩቪያይተስ ያዘውና ከአይኑ ውሀ ሲቀዳ በህይወት ያለ የኢቦላ ቫይረስ ተገኘ፣ ሰማያዊ የነበረው አይኑም ወደ አረንጓዴ ተቀይሮ ነበር። አይን ራሱን ከሰውነት መከላከያ በከፊል የሚያገል አካል ስለሆነ እንዲህ አይነት ነገር ውስጡ ሊደበቅ ይችላል፣ የደም ምርመራ ነጻ ነው ማለት አይን ነጻ ነው ማለት አይደለም።

ቆጠራውን በተመለከተ ተስፋ የማደርገው በዚያው በኦሲቲ ነው። ማሽኑን ወደ አይን የፊት ክፍል አዙረው ሴሎቹን እንደ ነጫጭ ነጥብ አንስተው በሶፍትዌር ሲቆጥሩ የሚያሳዩ ጥናቶች እየወጡ ነው፣ የውሀውን ፕሮቲን በሌዘር የሚለካ መሳሪያ ደግሞ ድሮም አለ፣ ግን ጥቂት ክሊኒክ ነው ያለው። በሚቀጥለው ቀጠሮዬ ሀኪሜን ስለዚህ ልጠይቃት አስቤያለሁ፣ እስከዚያው ግን በየቀጠሮው የምትለኝን ፕላስ ከነቀኑ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ፣ ግራ አይን ለብቻ ቀኝ አይን ለብቻ፣ ከነውፍረቱ በማይክሮን።