የሕፃናት ጉዳይ በጀት ከመጽደቁ በፊት ይነሣ

በአካባቢያቸው ለሕፃናት፣ ለወጣቶችና ለቤተሰቦች ደኅንነት ጥብቅና የሚቆሙ ሰዎችን ባገኘሁ ቁጥር የምጠይቃቸው ነገር አለ፤ የምትፈልጉትን የሚወስነው ማን ነው፣ የሚወስነውስ መቼ ነው? የመጀመሪያውን ብዙዎቹ ይመልሱታል። ሁለተኛውን የሚመልሱት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ በእኔ እምነት የአካባቢ ውትወታ በአብዛኛው ፍሬ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

መብቱማ ከተጻፈ ቆይቷል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ጸድቆ በ1990 ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ከአሜሪካ በቀር የድርጅቱ አባል አገሮች በሙሉ ተቀብለውታል፤ አንቀጽ 3 ሕፃናትን በሚመለከት ማንኛውም ውሳኔ የሕፃኑ ጥቅም በቀዳሚነት እንዲታሰብ ይደነግጋል። ይሁንና መኪኖች በትምህርት ቤቱ በር በምን ፍጥነት እንደሚያልፉ፣ የወጣቶች ማእከሉ ቅዳሜና እሑድ መከፈት አለመከፈቱን፣ አራስ እናትን ቤቷ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ የጤና ባለሙያ መኖር አለመኖሩን በተግባር የሚወስነው የአካባቢው አስተዳደር ዓመታዊ በጀት ነው።

በጀት በአንድ ቀን አይዘጋጅም። ባለሙያዎች የየክፍላቸውን ፍላጎት አስቀድመው ያቀርባሉ፣ የፋይናንስ ክፍሉ ይቀንሳል፣ አመራሩ ያስተካክላል፤ ለሕዝብ ውይይት የሚቀርበው ረቂቅ ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ በመሆኑ በውይይቱ ዕለት ሊነካ የሚችለው ገንዘብ ትንሽ ነው። ስለዚህ አዳራሽ ውስጥ ለሚደረግ ንግግር ከመዘጋጀት ይልቅ ዕቅዱን የሚያረቀውን ባለሙያ ገና ሥራውን ሳይጀምር ማነጋገር ይበልጣል። ባለሙያው ራሱ ከነዋሪዎች የተፈረመ ግልጽ ጥያቄ ሲደርሰው የበላዮቹን የሚያሳምንበት ማስረጃ ያገኛል።

ጥያቄው ግን ጠባብ መሆን አለበት። «የሕፃናት ደኅንነት ይጠበቅ» ሲባል ሁሉም ያጨበጭባል፤ ማንም ግን ሥራው አድርጎ አይወስደውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ሰዎችን በመግደል ቀዳሚው ምክንያት የትራፊክ አደጋ ነው። ልጅ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ከቆመ መኪና ጀርባ አይታይም፤ የሚመጣውን ተሽከርካሪ ፍጥነትም እንደ አዋቂ መገመት አይችልም። የፍጥነት ጉዳት ደግሞ ከሚመስለን በላይ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የተሽከርካሪው የግጭት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ጥያቄው «ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ባለው መንገድ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሁን፣ ከመንገዱ ወለል ጥቂት ከፍ ያለ የእግረኛ ማቋረጫም ይሠራ» የሚል ቢሆን፣ የሚመለከተው ክፍል ይታወቃል፣ ወጪው ይሰላል፣ መሠራት አለመሠራቱም በዓይን ይታያል።

ልጆቹ ራሳቸው ምን ይላሉ የሚለው በጣም ያሳስበኛል። የስምምነቱ አንቀጽ 12 ሕፃናት በሚመለከታቸው ጉዳይ ሐሳባቸውን የመግለጽ መብት እንዳላቸው፣ ሐሳባቸውም እንደ ዕድሜያቸውና ብስለታቸው ክብደት እንዲሰጠው ይናገራል። የልጆች ተሳትፎ ተመራማሪው ሮጀር ሃርት እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ ባዘጋጀው ጽሑፍ የልጆችን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል አሳይቶ፣ ከታች ያሉትን ሦስት እርከኖች ተሳትፎ ብሎ ለመጥራት አልፈቀደም፤ በሦስቱም ልጆች መጠቀሚያ፣ ማስጌጫ ወይም ለይስሙላ የተቀመጡ ናቸውና። አብዛኞቹ የወጣት መድረኮች ዛሬም ከእነዚያ እርከኖች አልወጡም ብዬ አምናለሁ። የምመዝናቸው እንዲህ ነው፦ ወጣቶቹ በተናገሩት ምክንያት በዕቅዱ ላይ የተለወጠ ነገር አለ? ካልተለወጠስ ለምን እንዳልተለወጠ ተመልሶ የነገራቸው ሰው አለ? ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበትን መንገድ በወረቀት እንዲሥሉ ቢጠየቁ፣ የሚፈሩትን ጨለማ ጥግና ትልልቅ ልጆች ቆመው የሚያስቸግሩበትን ቦታ ለይተው ያሳያሉ፤ ይህን ዕውቀት ከአዋቂ ማግኘት ይከብዳል። በዚህ ሁሉ ግን የልጅን ስም፣ ፎቶግራፍና መከራ ልብ ለመንካት ማውጣት አይገባም። ዛሬ ለዘመቻ የዋለ ታሪክ ልጁ አድጎ ሥራ ሲፈልግም ሊከተለው ይችላል።

ስለ ቤተሰብ ሲነገር ደግሞ ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚታዩት እንደ ተከሳሽ ነው። ልጇን የምትተውለት ሰው አጥታ የሌሊት ሥራ የምትገባ እናት ልጇን ቸል ብላለች መባል የለባትም፤ የሚያስፈልጋት የልጆች ማቆያ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀበለው የሕፃናት አማራጭ እንክብካቤ (ከወላጅ ውጭ የሚደረግ አስተዳደግ) መመሪያ፣ ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጆቹ ለመለየት ምክንያት እንዳይሆን በግልጽ አስቀምጧል። በአካባቢ ደረጃ ይህን መከራከሪያ ማንሣት ቀላል አይደለም፤ ልጁን ወደ ማሳደጊያ ወስዶ ማስቀመጥ ፈጣን እርምጃ ሲመስል፣ ቤተሰቡን መደገፍ ግን ረጅም ሥራ ነው። ቢሆንም ገንዘቡ በቅድሚያ ለቤተሰቡ ድጋፍ ይመደብ ብሎ በጽናት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቶ በጀቱ ከጸደቀ በኋላም ሥራው አያበቃም፤ የተመደበ ገንዘብ ሁልጊዜ ሥራ ላይ አይውልም። የሩብ ዓመት ሪፖርት በወጣ ጊዜ ለልጆቹ የተያዘው ምን ያህል እንደወጣ፣ ያልወጣውም ለምን እንደቀረ በደብዳቤ መጠየቅ፣ መልሱንም ሐሳብ ለሰጡት ልጆችና ወላጆች ማንበብ ያስፈልጋል።